ሳይነበብ የተፈረመ

ጠራዡ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሁልጊዜ በቁራጭ ወረቀት ነበር። ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ተሰፍቶ ጠርዙ በመቁረጫው ሲስተካከል፣ ሁለት ጣት የሚሰፉ ረጃጅም ቁራጮች መሬት ላይ ይረግፋሉ፤ እሱ ከመሀላቸው ንጹሑን መርጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቃቅን ፊደል ይሞላዋል። መጀመሪያ ሰሞን ላይብረሪያኗ «ደብዳቤ ነው የምትጽፍልኝ ወይስ የልብስ ሰፊ ሜትር?» እያለች ትስቅበት ነበር። ኋላ ለመደችው። እንዲያውም ቁራጩን በጣቷ ላይ እየጠቀለለች፣ አንዱን መስመር እየደበቀች ሌላውን እየገለጠች ማንበብ በቀን ውስጥ ለራሷ የምትፈቅደው አንድ ድሎት ሆነ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድም ቁራጭ አልመጣም። ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳው ሊቀባ ተዘግቶ፣ መደርደሪያዎቹ በሸራ ተሸፍነው፣ መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው ስለነበር «መዘጋቱን አይቶ ይሆናል» ብላ ራሷን አጽናናች። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጥበቃው ፖስታ ሰጣት። ስትከፍተው በሥርዓት የታጠፈ ሙሉ ወረቀት ወጣ። ገና ሳታነበው ፈራች።

«ቤተ መጻሕፍታችሁ ያስወገዳቸው መጻሕፍት ለካርቶን መሥሪያ ወደ እኛ መጥተዋል» ይላል። «የአባቴ አሥራ አንድ ጥራዞች ከውስጣቸው ነበሩ። ስምንቱ ተርፈዋል። ሦስቱ አልተረፉም። ከጭነቱ ጋር የመጣው ዝርዝር ላይ ያንቺ ፊርማ አለ። የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየሁት። አይደለም።»

ሰላምታም ስንብትም የለውም።

ጠራዡ የወንዝ ማዶ ሰው ነው። የወንዝ ማዶ ሰዎች የሚባሉት ከተማው ሳይቆረቆር በፊት እዚህ፣ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ በቆመበት ዳገት ላይ ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከተማው ሲመጣ እነሱ ተሻገሩ፤ ቋንቋቸውም አብሯቸው ተሻገረ። ትምህርት አይሰጥበትም፣ ጋዜጣ አይታተምበትም። የጠራዡ አባት መምህር ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሽማግሌውንና የአሮጊቱን ደጅ እየጠኑ ተረቱን፣ ሙሾውን፣ እሹሩሩውን በእጃቸው ጽፈው አሥራ አንድ ደብተር ሞልተው ሞቱ። ልጃቸው የጥረዛ ሥራ ሲማር መጀመሪያ የጠረዘው እነዚህን ነው። ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ጥራዞቹን ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲሰጡ የጠየቀችው እሷ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወንዝ ማዶ ሰዎች ተሰብስበው በገዛ ቋንቋቸው ጮክ ብለው የሚያነቡበት ሰዓት አሰበች፤ የከተማው ሰው የፈለገ ገብቶ ይስማ አለች። የጠራዡ እናት ሦስት ወር እንቢ አሉ። «የከተማ ሰው ሲወስድብህ የሚቀማህ እንዳይመስልህ፤ ደረሰኝ ሰጥቶ ነው» ይሉ ነበር። በመጨረሻ እሺ ያሉት ልጃቸው ዋስ ስለሆነላት ነው።

ላይብረሪያኗ ፋይሉን አወጣች። የሚወገዱ መጻሕፍት ዝርዝር አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ ርእስ የለበትም፣ የመዝገብ ቁጥር ብቻ። ደንቡ ቀላል ነው፤ በካርዱ ላይ ለሁለት ዓመት የውሰት ማኅተም ያላረፈበት መጽሐፍ ይወገዳል። የአሥራ አንዱ ጥራዞች ካርድ ደግሞ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ባዶ ነበር። ባዶ ያደረገችው ራሷ ናት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለእናቱ ካርድ ስታቀርብ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ስማቸውን ለማን እንደምትሰጥ ጠየቋት፤ ወረቀት ላይ ፈርመው ዳገቱን ያጡ ሰዎች ልጅ ናቸው። እሷም ካርዱን መልሳ በመጽሐፉ የካርድ ኪስ ውስጥ ከተተችና «እዚሁ ለሚያነብ ካርድ አያስፈልግም» አለች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር በየቅዳሜው የሰው እጅ ሲያገላብጣቸው የኖሩ መጻሕፍት፣ በደንቡ ዓይን ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ያን ጊዜ በሠራችው ነገር ኮርታበት ነበር።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ አሥራ አንድ ተከታታይ ቁጥሮች አገኘች። ከታች ፊርማዋ አለ። ቀኑ ሐሙስ ነው።

ሐሙሱን አስታወሰችው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ነበር። ነገ ላንብበውና ልስጥህ ብትለው መኪናው የሚመጣው በጠዋት ነው አላት። በመስኮቱ ጠራዡ በሩ ላይ ቆሞ ይታያል፤ እንዳየችው ሲያውቅ፣ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገላት። እሷም ሳቀችና አሥራ ሁለቱን ገጽ ቆማ ፈረመች።

ፋይሉን ስትዘጋ ከምንም በላይ ያንገበገባት እየሳቀች መፈረሟ ነበር።

* * *

የጥረዛ ክፍሉ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ነው። ሙጫው በብረት ድስት ይንተከተካል። ወረቀት የሚያጥፉት ሁለት ሴቶች ሌላ ጊዜ እሷን ሲያዩ «ሙሽሪት መጣች፣ አቧራውን ጥረጉ» ይሉ ነበር። ዛሬ ግን ሥራቸው ላይ አቀረቀሩ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

እሱም ቀና አላለም። ፊቱ ስምንት ጥራዞች ተደርድረዋል፤ ሽፋናቸው ተገንጥሎ፣ የጀርባቸው ክር ተጋልጦ፣ ካባ እንደተገፈፈ ሰው አንሰው ይታያሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን እንደ ሥራ አስረዳት። አሮጌ መጽሐፍ ሲመጣ ሽፋኑ ይገነጠላል፣ ጀርባው በመቁረጫው ይሄዳል፣ ከዚያ ወረቀቱ አንዱ በአንዱ ላይ እየተለጠፈ ካርቶን ይሆናል። ሦስቱ በዚያ አለፉ። ቀጥሎ መቁረጫው ውስጥ በገባው ላይ ክሩ ወፍሮ ቢላውን ሲይዘው ጎንበስ ብሎ አየ። በግራ እጁ የሚቋጥራት ቋጠሮ ነበረች፤ በዚህ ከተማ ሌላ ማንም እንደዚያ አይቋጥርም።

ነግሯት ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

«አንብበሽው ነበር?»

«ምኑን?»

«የፈረምሽበትን።»

«አላነበብኩም» አለች።

ጠራዡ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀውን መልስ እንዳገኘ ሰው ሳይሆን፣ የፈራውን እንዳገኘ ሰው።

«ይኸውልሽ፣ ሰሞኑን ምን ስመኝ እንደከረምኩ ታውቂያለሽ? አንብባው በሆነ እያልኩ ነበር። አባቷ እኔን ስለማይወዱ አስገድደዋት ይሆናል፣ አለቃዋ አስፈራርቷት ይሆናል እያልኩ። ጠላት እንኳ እኮ የሚያጠፋውን አንብቦ ነው።»

ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰ ነገር ነበር። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ስትጠራኝ ነው፣ ወደ አንተ ስቸኩል ነው ብትለው የሸክሟን ግማሽ ታወርድ ነበር። የምታወርደው ግን እሱ ትከሻ ላይ ነው። ዋጠችው።

«ለእናትህ ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳትም። ቅዳሜ ትመጣለች። መነጽሯን አሰርታ ጨርሳለች፣ ሰባተኛውን ነው የምናነበው ብላኛለች።» የጥራዞቹን ጠርዝ በጣቱ አስተካከለ። «ሰባተኛው የለም።»

«እኔ ልንገራቸው።»

«አዎ፣ አንቺ ንገሪያት። እኔ ዋስ ነኝ። ዋስ ምን ይላል?»

ከበሩ ስትወጣ ተከትሏት የሚመጣ መስሏት እርምጃዋን ቀስ አደረገች። የግቢውን ጠጠር የሚረግጠው የራሷ ጫማ ብቻ ነበር። ሰው በሕይወት እያለ ሊናፍቅ እንደሚችል፣ ያውም ገና የግቢውን ግድግዳ ሳትዞር፣ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

* * *

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘግቶ መፍትሔ አመጣላት። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቁጥር ሲገለብጥ ተሳስቷል ብላ ማስታወሻ ትጻፍ፤ ሰውየው በሁለት ወር ጡረታ ይወጣል፣ ማንም ምንም አያደርገውም። እሷ አመስግናው ወጣች፤ ማስታወሻውን ግን አልጻፈችም።

አባቷ ጋ ምሳ በላች። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ጠራዡ ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፣ እንቢም ብለው አያውቁም። እንዲሁ እንደ ቀጠሮ ያሳድሩታል። የሆነውን ስትነግራቸው ብርቱካን እየላጡ ሰሟት፤ እንደ ልጅነቷ ግማሹን ከፍለው ሰጧት።

«ሰውየውን አልጠላሁትም» አሉ። «ትዳር መጽሐፍ አይደለም፣ በሙጫ አይያዝም ነው ያልኩሽ። አሁን ነገሩ በራሱ ጊዜ ከተፈታ፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ?»

በድምፃቸው ውስጥ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ እፎይታ ሰማች። ያስከፋት እሱ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ስንት ወረቀት ሳታነብ ፈርመሃል?»

ከብርቱካኑ ላይ ነጩን ክር አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ክሩ አለቀ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አላቆሙም።

«ሁሉን አንብብ ካልሽ ፍርድ ቤት አይሠራም» አሉ በመጨረሻ። ድርሻቸውን ሳይቀምሱት ሳህኑ ላይ ተዉት።

ስትወጣ ጉንጫቸውን ሳመች። በገዛ እጁ የሚያፍር ሰው አጠገብ መቀመጧን ያወቀችው ገና ደረጃውን ስትወርድ ነው፤ እና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከመፍራት ይልቅ አዘነችላቸው።

* * *

ቅዳሜ ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል። አሥራ አራት ሰው መጣ። ጡረተኛው ፖስተኛ እንደ ልማዱ ቀድሞ ገብቶ፣ ግድግዳውን በጣቱ ነክቶ፣ ቀለሙ ስላልደረቀ ጣቱን በመሐረቡ እየጠረገ «ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ግድግዳው አሻራዬን ወሰደ» አለ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሮቹን ክብ አደረገች። የጠራዡ እናት መጡና መነጽራቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። መደርደሪያው ባዶ መሆኑን ሲያዩ መጻሕፍቱ ገና ከካርቶን ያልወጡ መሰላቸው።

ላይብረሪያኗ ቆመች። በማዶ ቋንቋ ልትናገር ለቀናት አጥንታ ነበር። ሦስት ዐረፍተ ነገር እንዳለች እናቱ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ በራስሽ ቋንቋ ንገሪን። ጥፋት በሰው ቋንቋ አይነገርም፤ ይለሰልሳል።»

በራሷ ቋንቋ ነገረቻቸው። ስለ ካርዱ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ገጽ። ወረቀቱን ሌላ ሰው እንዳዘጋጀው አልተናገረችም፤ ለምን እንደቸኮለችም አልተናገረችም። «ምን እንዳለበት ሳላይ ፈረምኩ» ብላ ጨረሰች። «ሌላ ማንም የለበትም።»

ጡረተኛው ፖስተኛ ነገሩን ለማቅለል ብሎ፣ እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳያነብ ሲያደርስ እንደኖረ ተናገረ። የሳቀ የለም።

«የትኞቹ ናቸው የጠፉት?» አሉ እናቱ።

«አራተኛው፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው።»

የመለሰው ከበሩ ነው። ጠራዡ ስምንቱን ጥራዞች በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል። ጢሙን አልተላጨም። ወደ እሷ አላየም።

«ምን ሆኑ?»

«ካርቶን ሆኑ እማዬ። የመዝገበ ቃላት ሽፋን። ትምህርት ቤቶች ወስደውታል።»

እናቱ አጭር ሳቅ ሳቁ፤ ሳቅ መሆኑ እስኪያጠራጥር ድረስ። «እንግዲህ የከተማው ልጅ ሁሉ ሙሿችንን በብብቱ ይዞ ይሄዳላ። አያውቀውም እንጂ።»

ላይብረሪያኗ መቀመጥም መቆምም አቃታት። ጠራዡ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እጁን ግን ከላዩ አላነሳም።

«ሌላም አለ» አለ። «መቁረጫው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱም ያለፉት በእኔ እጅ ነው። አሮጌ ወረቀት ሲመጣ አላይም፤ እቆርጣለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት።» አሁን ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ሳታዪ ፈረምሽ፤ እኔ ሳላይ ቆረጥኩ። ይሄን ሁሉ ቀን አንቺን የተቆጣሁት፣ እሱ ስለቀለለኝ ነው።»

«ተወው» አለችው በሹክሹክታ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃዋለች።

«አልተወውም። ዝርዝሩ ላይ ቀኑ አለ። ሐሙስ ነው። ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰዓቴን እያሳየሁ ቶሎ ነይ የምላት እኔ ነበርኩ። ማተሚያ ቤት ድረስ መጥታ ፊቴ ቆማ ይህን አልነገረችኝም። ዛሬም ለእናንተ አልነገረችም።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ፖስተኛው ጣራውን መመርመር ጀመረ። ሁለት ዓመት በቁራጭ ወረቀት ሲደበቅ የኖረ ነገር በአሥራ አራት ሰው መሀል ቁጭ አለ። በሰው ፊት የተናገረላት የመጀመሪያ የፍቅር ቃል ይህ ነበር፤ ክስ መስሎ መጣ። እሷ አየችው፤ እሱም አያት፤ ከሁለቱ ማንኛቸውም ዓይናቸውን ለመንቀል አልደፈሩም። ከእፍረቷ ሥር የደስታ ነገር ሲላወስ ተሰማት፤ በዚህ ሰዓት ደስ ስላላት ራሷን ጠላች።

እናቱ መነጽራቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱ።

«ሰባተኛው የእናቴ ሙሾ ነው» አሉ። «አባቱ ከእኔ አፍ ነው የጻፈው። አራት ዓመት ፈጀበት፤ እኔ እየጀመርኩ አለቅሳለሁ፣ እሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን እንኳ ቶሎ በይ ብሎኝ አያውቅም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ ከዚያም ወደ እሷ። «እንግዲህ ያ የጠፋው እናንተ ለመገናኘት ስትቸኩሉ ነው።»

«አዎ» አለ ጠራዡ።

«አዎ፣ እማማ» አለች እሷም።

ከውጭ መንገደኞች እያወሩ አለፉ። እናቱ ወንበሩን ተደግፈው ሲነሱ ልብስ ሰፊዋ ልትረዳቸው ብድግ አለች፤ በእጃቸው መለሷት።

«ስምንቱ ዛሬ ወደ ቤት ይመለሳሉ» አሉ። «እኔ ግን በየቅዳሜው እመጣለሁ። የጠፉትን ሦስቱን አፌ ላይ የቀረውን ያህል እነግርሻለሁ፤ እነዚህም የሚያውቁትን ይጨምሩልሻል። አንቺ ትጽፊያለሽ። የጻፍሽውን መልሰሽ ታነቢልኛለሽ፣ መስመር በመስመር። ያላነበብሽልኝ አልተጻፈም።»

«እሺ፣ እማማ።»

«አንተ ደግሞ» አሉ ልጃቸውን፣ «ሦስቱ ተጽፈው እስኪያልቁ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ። ደብዳቤም የለም። ሲያልቁ ትጠርዛቸዋለህ። በዚያን ጊዜ ሁለታችሁም የምትሉት ነገር ካላችሁ ትሉኛላችሁ።»

ጠራዡ አልተከራከረም። ጥቅሉን አነሳ። በአጠገቧ ሲያልፍ የሙጫ ሽታው መጣባት፤ ለአፍታ ቆም አለ፤ ከእናቱ በኋላ ሊወጣ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለው አስመስሎ ጨርቁን አስተካከለ። «የግራ እጄን ቋጠሮ ጨርቁ ላይም አሥሬያታለሁ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም እንደማይናገር። ከዚያ ተከትሏቸው ወጣ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እሷ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለሰች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ንጹሕ ደብተር አወጣችና ቁጭ አለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጥራዙን ቁጥር ጻፈች። አራት። ከዚያ ሳታስበው ማስላት ጀመረች። ሦስት ጥራዝ አለ። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ በሁለት ሰዓት ምናልባት አምስት ገጽ፤ ሦስቱ በአራት ዓመት ያልቃሉ። እናቱ እሮብም ቢመጡልኝ ብትል፤ እሷ ራሷ ማዶ ቤታቸው ብትሄድ፤ መልሳ የምታነበውን በፍጥነት ብታነበው፣ ወይም የተረዳችውን ገጽ ብትዘለው፣ አራቱ ዓመት ሁለት ይሆናል፣ ምናልባት አንድ ተኩል።

እስክሪብቶው ቆመ።

ገና አንድ ቃል አልጻፈችም፤ ከአሁኑ መቸኮል ጀምራለች። ደብተሩን ዘግታ ሁለት እጇን ላዩ ላይ ጫነች፤ ልቧ እስኪረጋ ጠበቀች፤ አልረጋም።